ሽሮ ላይ ሽሮ ብሎ መጻፍ

የባሌ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ መጥታ ሰነበተችና ሄደች። እግዜር ይስጣት፣ ሥራ አታውቅም አይባልም። የቤቱን ጥግ ሁሉ ጠርጋ፣ መጋረጃውን አጥባ ነው የሄደችው። አውቶቡስ አሳፍሬያት ተመልሼ ወጥ ቤት ስገባ ግን የቅመም መደርደሪያዬ ጽሑፍ በጽሑፍ ሆኗል። ስንት ዘመን ያገለገለኝ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሁሉ ተጥሎ፣ በምትኩ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰልፏል፤ በየሆዱም ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። «በርበሬ»። «ሚጥሚጣ»። «ኮረሪማ»። «ሽሮ»።

ሽሮ ላይ ሽሮ ብሎ መጻፍ! ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ተድሬ፣ ሽሮን ከበርበሬ ለመለየት ፊደል ልቁጠር?

ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ አንድ ገጽ ሙሉ መመሪያ ተለጥፏል። አልጋ ከእንቅልፍ እንደተነሱ ይነጠፋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ አይደርም። አንድ ዕቃ ሲገባ አንድ ዕቃ ይወጣል። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

ይህን ተረት እኔም እወደዋለሁ፤ እናቴ ስትለው ነው ያደግሁት። የማልወደው ሰዎች ሁልጊዜ ለደግ ነገር ብቻ መጥቀሳቸውን ነው። ክፉ ነገርም እኮ በእግሩ ይሄዳል። ከተማችን የምትጠጣው የአንገረብ ግድብ ምን ሆነ? ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ካለው የእርሻ መሬት ትንሽ ትንሽ አፈር ታጥቦ እየወረደ፣ ለውሃ የተሠራውን ቦታ ደለል ተረከበው። አንድ ቀን ቢያድር ምንም የማይመስል ጭቃ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ።

እና ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ አይደር ትለኛለች። ስኒ ማጠብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እውነቷን ነው። ግን ቧንቧው ሲደርቅ ስኒ ማጠብ ማለት ጀሪካን ማዘንበል ነው፤ ጀሪካን ማዘንበል ደግሞ ለነገ ቡና ምን እንደሚተርፍ ማስላት ነው። ውሃ ሌሊት መጣ ሲባል ተነስቶ፣ በርሜሉን ሞልቶ፣ ድስቱን ሞልቶ፣ የልጆቹን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ሞልቶ የተኛ ሰው ጧት ለምን አልጋዬን አላነጠፍኩም ብሎ አይጨነቅም። ጀሪካኖቹስ ቦታቸው የት ነው? ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ልጆቼ ሲያልፉ ተሸራርበው ነው የሚያልፉት፤ ለምደውታል።

«አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ» የሚለው ላይ ስደርስማ ሳቄ መጣ። ከእኔ ቤት ዕቃ ሲወጣ እንጂ ሲገባ መቼ ታይቶ! አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። የዛሬ ስንት ዓመት ለልጇ ክርስትና ብላ ወንፊቴን ተዋሰች። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ወንፊቱን ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሷ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ሲሞቅ። «ውይ ያንቺን ወንፊት ሳልመልስልሽ!» አለች። «ኧረ ምን ቸገረኝ፣ ተጠቀሚበት» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ተውሶ ያልመለሰ ሰው አያፍርም፤ አምጪ ያለ ነው የሚያፍረው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ብዙ የሰው ዕቃ ቤቱ የነበረ መሆን አለበት።

ቆርቆሮዎቼ ይጠቅሙኝ የነበረውም ለዚህ ነው። ኮረሪማዬ ወተት የሚል ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ጥቁር አዝሙዱ ብስኩት በሚል። ጎረቤቴ መጥታ «ኮረሪማ አልቆብኝ» ስትል እኔም ረጋ ብዬ «ወይኔ፣ የእኔም አልቋል» እላለሁ፤ ዓይኗ መደርደሪያውን ይዞራል፣ ወተት ብቻ ያያል። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሁን ግን የባሌ እህት ጓዳዬን ሱቅ አደረገችው። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ገብታ ቆመች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበች። «አቤት ሲያምር!» አለች፤ ቀጥላም ስኒ ዘረጋች።

ጎንደር ላይ ሁሉን በየቦታው ማድረግ አዲስ ነገር መስሏት ይሆን? የፋሲል ግቢ እኮ 12 በር ነበረው፤ እያንዳንዱም ስም ነበረው፦ ፊት በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር... የኛ ሰዎች በር ላይ ስም ሲያወጡ ግን ዘበኛም ያቆማሉ። ዘበኛ የሌለው ጽሑፍ ለተዋሽ መንገድ መጠቆሚያ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ደግሞ እዩት። ፋሲል ቤተ መንግሥት ሠራ፤ ልጁ ዮሐንስ የአባቱን ቤት ጠራርጎ እንደመኖር የራሱን ሠራ፤ የልጅ ልጁ ኢያሱም የራሱን። ከዚያ ዳዊት፣ ከዚያ በካፋ፣ ከዚያ ምንትዋብ። አንድም ሰው «አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ» አላላቸውም። እኔ ቆርቆሮ ባከማች ዝርክርክ እባላለሁ፤ እነሱ ግንብ ስላከማቹ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዘገበላቸው።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። የማያስቀኝ ሌላ ነው። ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚያነጥፈው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጣጥፈው ሰው አንድ ነው፣ እኔ። ወንድሟ እዚህ ቤት የሚኖር አይመስልም። ካልሲው ሶፋ ሥር ሲገኝ ጥፋቱ ያላነሳሁት የእኔ ነው። ሴት ልጄ ገና በአሥር ዓመቷ ስኒ ታነሳለች፤ ታላቅ ወንድሟ የጠጣበትን ብርጭቆ ወንበሩ እግር ሥር ያቆመዋል፣ አያቱም «ወንድ ልጅ ነው፣ ተይው» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «የሴትየዋ ቤት ሲያምር» ይባላል፤ ሲዝረከረክም «የሴትየዋ ቤት» ነው። ቤቱ የሴትየዋ የሚሆነው ለመጥረጊያ ብቻ ነው መሰለኝ፤ ካርታው ላይማ የማን ስም እንዳለ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ቢያንስ ለባሌ ይጠቅመዋል ብዬ ነበር። ትናንት ምሽት መደርደሪያው ፊት ለፊት ቆሞ፣ አፍንጫው «ሽሮ» የሚለውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ «ሽሮው የት ነው?» ብሎ ጮኸ። የተማረ ሰው ነው እኮ፤ ዲግሪ አለው።

ብቻ እህቱን ላማት አይደለም። ስትደውል «ኧረ በጣም ጠቀመኝ እታለም፣ አንዱንም አልነካሁት» አልኳት። ደግሞም አንድ ደኅና ነገር ሠርታለች፤ ከበሩ ጎን ለቁልፍ ብላ ሚስማር መትታልኛለች። ጧት ጧት ቁልፍ ፍለጋ ይህ ቤት ይታመስ ነበርና በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ባሌ ጃኬቱን ይሰቅልበታል። ቁልፉ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው።