ደብዳቤ አምጣ

እዚህ አሜሪካ የትራንስፖርትና የመሬት አጠቃቀም ጥናት ላይ ነው የምሠራው። ሰው የት ይኖራል፣ የት ይሠራል፣ መሃል ላይ ስንት ሰዓት መንገድ ይበላበታል? ዳታ ቸግሮኝ አያውቅም። መንግሥት ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየተወሰነ ዓመቱ ቤተሰቦችን እየጠየቀ ማን፣ በምን፣ ለምን ጉዳይ እንደተጓዘ ይመዘግባል። የማስተርስ ተማሪ ማታ አውርዶት ጠዋት ሥራ ይጀምራል። ማነህ የሚለው የለም።

አዲስ አበባ ስገባ ግን አንድ ቢሮ የታክሲ መስመሮችን ዝርዝር ጠየቅሁ። «የትብብር ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ይሄ ለሌላ ክፍል ነው የተጻፈው።» አስተካክዬ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ዝርዝሩ እኮ ጠረጴዛው ላይ፣ መስታወቱ ሥር ተኝቶ ይታየኛል! በእስክሪብቶ የተሰረዙት መስመሮች ሳይቀሩ ይነበባሉ። የታክሲ መስመር ምን ምስጢር አለው?

የሚያንገበግበኝ ግን የእኔ መጉላላት አይደለም። እኔ ተመልሼ የምሠራበት ቦታ አለኝ። እዚያ ያሉት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ሙሉ ቀን ሲያስተምሩ ይውላሉ፤ ደሞዙ ስለማያዳርስ ትርፍ ሥራ ይሯሯጣሉ፤ ለምርምር የሚተርፋቸው ሌሊቱ ነው። ተማሪዎቻቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት መገናኛ ሰልፉ ውስጥ ገብተው የወረቀት መጠይቅ ያስሞላሉ። ታክሲው ሲመጣ ተጠያቂው መልሱን ሳይጨርስ ይሮጣል። በዚህ ሁሉ ልፋት የተሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ቀርቦ ካለፈ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እዚህም ቢሆን የተመራማሪ ኑሮ አልጋ በአልጋ አይደለም። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ የገባ ሰው ቋሚ ለመሆን ስድስት ዓመት ገደማ ወረቀት ሲያሳትምና የምርምር ገንዘብ ሲያሳድድ ይከርማል። ግን የሚያሳድደው ገንዘብ አለ። ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲዎች የትራንስፖርት ምርምር ማዕከላት የፌዴራል በጀት ይመደባል።

ደግሞ የምርምር ጥያቄው ያለው የት ነው? እዚህ ሰውን ከመኪና አውርዶ በእግሩ ለማስኬድ ስንት ጥናት ይሠራል። የእኛ ሰው ድሮም በእግሩ ነው የሚሄደው። ስንቱ ከመሃል ከተማ ተነሥቶ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባ? የከተማው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሀዲዱ ዳርና ዳር ያለው ሱቅ፣ ኪራይ፣ የሰዉ መሻገሪያ ምን ሆነ? በዚህ ብቻ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ምርምር ይወጣዋል።

በየቢሮው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ነገ አንድ ተማሪ መታወቂያውን ይዞ ከመጣ እባካችሁ ፋይሉን በፍላሽ ስጡት። ደብዳቤው በኋላ ይደርሳል።