የታመመን ሰው ከጨረር ለምታስቀሩ ወገኖቼ

የሐዋሳ ወገኖቼ፣ በተለይ እናንተ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ለታመመ ሰው ሐኪም የምትሆኑ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለካንሰር ሕክምና ስለሚሰጠው ጨረር «ጨረር የነካው ሰው አይተርፍም» የምትሉትን ነገር ተዉ። አንደበታችሁን ሰብስቡ።

የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ማታ ላይ በስልክ ፎቶ ተነሳች። ፍላሹ ሲበራ አንዱ ዓይኗ ቀላ ብሎ ወጣ፤ ሌላው ግን ሌሊት መብራት ያረፈበት የድመት ዓይን መስሎ ነጭ ሆነ። እናቷ ፎቶውን ለሁላችንም አሳየችን። አንዷ «የካሜራው ነው» አለች። ሌላዋ «የሰው ዓይን አርፎባት ነው፤ ለማንም አታሳዪ» አለቻት። ቆይቶ ዓይኗ መሸዋረር ሲጀምር «ስታድግ ይስተካከላል» ተባለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ።

ያ ነጭ ነገር ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነበር። ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን ላይ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። መነሻው አርቢ-1 የሚባለው ጂን መበላሸት ነው እንጂ ቡዳም እርግማንም አይደለም። ከታማሚዎቹ ከአሥሩ አራቱ ያህል ችግሩን በዘር የያዙት ስለሆኑ፣ አንድ ልጅ ሲታመም ወንድምና እህቱም መታየት አለባቸው። በጊዜ ተደርሶ በሚታከምባቸው አገሮች ከመቶ ሕፃናት ከ95 በላይ የሚሆኑት ይተርፋሉ። ካንሰሩ ዓይን ውስጥ ሳለ ከተገኘ ሐኪሞች በመድኃኒት፣ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ይሞክሩታል፤ ካልሆነም ዓይኑን አውጥተው ልጁን ያተርፋሉ። «ዓይኗን ከምታጣ ብትሞት ይሻላል» ያላችሁ አባቶች አላችሁ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለልጃችሁ እንዲህ ያለ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን ማንም አልሰጣችሁም።

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ አበባ ስትደርስ ካንሰሩ ከዓይኗ አልፎ ወጥቶ ነበር። ዓይኗ ወጣ፣ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ተሰጣት፣ ቀጥሎ ጨረር ታዘዘላት። አብሬ ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ በየማለዳው ሳትበላ ትገባለች፤ በዚያ ዕድሜ «አትንቀሳቀሺ» ቢሏት ስለማይሆን ማደንዘዣ ይሰጣታል። ጭንቅላቷን የሚይዘው በፊቷ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል ነው። ማሽኑ ሳይነካት ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል። ስትወጣ እናቷ ወተቷን በነጠላዋ ጠቅልላ እንዳይቀዘቅዝ ደረቷ ላይ ይዛ ትጠብቃታለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲህ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሐዋሳ ስልክ ተደወለ። «ልጅሽን አስቃጠልሻት! ይዘሻት ነይ፣ እዚሁ ዘመድ መሀል ትረፍ» አሏት። ሴትዮዋ ስልኩን ዘጋችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ያን ቀን መናኸሪያ ሳትደርስ የመለሳት አንዲት ነርስ ናት። የደወለው ሰው ዛሬም በሰፈራችን አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ያዘነላት መስሎት ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ይህች አገር ለረጅም ዓመታት የነበራት የጨረር ማዕከል የጥቁር አንበሳው ብቻ ነበር። ወረፋው ረጅም፣ የሚደርሰውም ሕመምተኛ የዘገየ ነው። እንዲህ የደረሰ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚወራው «ጨረር ከወሰደ በኋላ ሞተ» የሚለው ነው። ቤቱ የተቀመጠባቸውን ወራት ማንም አይቆጥርም።

ጨረር ጉዳት የለውም አልልም። ቆዳ ያቀላል፣ ሽፋሽፍት ያረግፋል፣ ዓይን ያደርቃል፣ ውሎ አድሮም የዓይን ሞራ ሊያመጣና እይታ ሊቀንስ ይችላል። በሕፃን ላይ የዓይን ዙሪያ አጥንት እድገትን ይገታል፤ ችግሩን በዘር በያዙት ልጆች ላይም ኋላ ሌላ ካንሰር የመምጣቱን ዕድል ይጨምራል። ዛሬ ሐኪሞች ለሕፃን መጀመሪያ ወደ ጨረር የማይሮጡት ለዚህ ነው። ሲያዝዙት ግን አመዛዝነው ነው። ከማሽን የሚሰጥ ጨረር ደግሞ ማሽኑ ሲቆም ሰውነት ላይ አይቀርም፤ ልጅቷን ማቀፍ፣ አብሯት መብላት ይቻላል። ከመጣች በኋላ ልጆቻችሁን ከእሷ የሸሸጋችሁ፣ ይህን ስሙ።

ለአዋቂ ሌላም መንገድ አለ። ጨረር የሚያመነጭ ሩቴኒየም ወይም አዮዲን የያዘች፣ ሳንቲም የምታክል ነገር በዓይን ግድግዳ ላይ በቀዶ ጥገና ተሰፍታ ጥቂት ቀን ቆይታ ትወጣለች። በእነዚያ ቀናት ብቻ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይርቃሉ። ሜላኖማ በሚባለው የዓይን ካንሰር መካከለኛ እጢ የነበረባቸው 1,317 ሰዎች በአሜሪካና በካናዳ ተጠንተው፣ ዓይናቸው የወጣውም በዚህ መንገድ የታከሙትም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ጸበሉንም ጸሎቱንም ማንም አይከለክላችሁም። እየተጠመቃችሁ፣ እየጸለያችሁ ታከሙ። ግን የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አትጨምሩ። በሕፃን ዓይን ነጭ ነጸብራቅ ካያችሁ፣ ወይም በአዋቂ ዓይን ነጭ ላይ የሚያድግ ሥጋ ካያችሁ፣ በዚያው ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነግ በኔ ነው።

ልጅቷ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ትማራለች፤ ሰው ሠራሽ ዓይኗን እናቷ ማታ ማታ ታጥብላታለች። ባለፈው ወር አዲስ የተወለደ ወንድሟን ይዘን ሄድን። ዓይኖቹ ንጹሕ ናቸው፤ ግን ገና በተደጋጋሚ ይታያል ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ቀኑ ሲደርስ እናቱን መንገድ ላይ አስቁማችሁ «ጤነኛ ልጅ ይዘሽ ደግሞ ለምን ትመላለሻለሽ?» እንዳትሏት።