ጾሎቭ ዕድለኛ ብቻ አይደለም
ቡልጋሪያዊውን የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ኒኮላ ጾሎቭን አንድ ጽሑፍ «ድንገት ብቅ ያለ» ብሎታል፤ አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ስኬቱን «ዕድል ነው» ብሎታል። ይህ ልጁን ይበድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በስፔን ፎርሙላ 4 (ወደ ፎርሙላ 1 በሚወስደው የወጣቶች መሰላል ዝቅተኛው ደረጃ) 13 ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ገና 15 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከፍ ባለው ፎርሙላ 3 ላይ ምን ያህል እንደተቸገረ የተከታተልነው እናውቃለን። «ዕድል ነው» ያልከው ወንድሜ፣ በከተማ ጎዳና ላይ የሚካሄደውን የሞናኮን ውድድር በደንብ እይ እስቲ፤ መንገዱ ጠባብ፣ የብረት አጥሩ ከጎማው በጥቂት ሴንቲሜትር የሚርቅ፣ መሪው ትንሽ ከሳተ ያው ግጭት ነው። እሱ ግን እዚያው፣ በፎርሙላ 3፣ በ2024 አጭሩን (ስፕሪንት)፣ በ2025 ደግሞ ዋናውን ውድድር አሸነፈ። የ2025ን ዓመትም በካምፖስ ቡድን መኪና ከሻምፒዮኑ ራፋኤል ካማራ ቀጥሎ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቡልጋሪያ እኮ እስካሁን አንድም የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪ አላፈራችም፤ መንገድ የሚያሳየው ታላቅ ሳይኖረው ነው እዚህ የደረሰው።