«ያልፍለታል» ኪስ ያስፈታል?

«ተምሮ ያልፍለታል» የሚል ወላጅ ለትምህርት በሚውል ግብር አያጉረመርምም ተብሎ ይታሰባል። ፖለቲከኞችም የትምህርት በጀት ይጨመር ሲሉ የሚመዙት ይህንኑ ተስፋ ነው። እኔ ግን ተስፋ ኪስ ያስፈታል በሚለው አልስማማም። አንዳንዴ እንዲያውም ያስቆልፋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 አልቤርቶ አሌሲና፣ ስቴፋኒ ስታንቼቫ እና ኤዶአርዶ ቴሶ ባሳተሙት ጥናት የአምስት ሀገር ሰዎች ተጠይቀው ነበር፦ ከሕዝቡ በጣም ድሃ ከሆነው አንድ አምስተኛ የተወለደ ልጅ በጣም ሀብታም ከሆነው አንድ አምስተኛ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? አሜሪካውያን ከመቶ 12 ገደማ ብለው ገመቱ፤ እውነቱ 8 ገደማ ነው። አውሮፓውያኑ በተቃራኒው አሳንሰው ገመቱ። ዕድሉ ጠባብ ነው ያሉት ሰዎች ደግሞ መንግሥት ለድሃው ልጅ እንዲያወጣ፣ ለትምህርትም ጭምር፣ ይበልጥ ይደግፋሉ። አይገርምም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ልጁን ምን መግፋት ያስፈልጋል?

እኔን የያዘኝ ግን የጥናቱ ሌላው ግማሽ ነው። ዕድሉ ጠባብ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ ሲቀርብላቸው መንግሥት ጣልቃ ይግባ የሚሉት ግራ ዘመሞች ድጋፋቸው ጨመረ። መንግሥትን የሚጠራጠሩት ቀኝ ዘመሞችም ተስፋቸው ቀነሰ፤ አቋማቸው ግን ንቅንቅ አላለም። መንግሥት ራሱ ችግር ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ችግሩ ባሰ ስለተባለ ለዚያው መንግሥት ገንዘብ አይጨምርም።

ስለዚህ ግብር ከፋዩ በሆዱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የከፈልኩት ክፍል ውስጥ ይደርሳል ወይ? በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንግሥት ከደመወዝ ውጭ ላለ ወጪ ከመደበው ድጎማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እጅ የገባው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሪትቫ ሬይኒካ እና ያኮብ ስቬንሰን አሳይተዋል። ቀሪው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። (ሁሉንም ጋዜጣው አመጣው አልልም፤ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ።)

ያንን የተለጠፈ ወረቀት አስቡት። ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ቆም ብሎ ያነባል፤ ጎድሎ ካየ ርዕሰ መምህሩን ያፋጥጣል። ልጁ ነገ ይለፍለት አይለፍለት ወረቀቱ አይነግረውም። በጀት ይጨመር የሚሉን ሰዎች ስለ ነገ ከመስበካቸው በፊት የአምናውን ወረቀት ቢለጥፉልን እኔ በበኩሌ ቶሎ እከፍላለሁ።