ያንኑ ማመልከቻ ደግሞ መላክ

የካቲትና መጋቢት ለባሕር ዳር ወጣት የታሪክ መምህራን የሚከብዱ ወራት ናቸው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ላመለከቱ መልስ የሚሰጡት ያኔ ነው፤ መልሱም ለአብዛኛው ሰው «እናዝናለን» የሚል ነው። ከዚያ ምክር ይዘንባል። ገሚሱ «ዕድል ነው፣ ደጋግመህ ላክ» ይላል። ገሚሱ «እግዜር ያላለው ነው፣ ተወው» ይላል። ማመልከቻውን አምጣውና እንየው የሚል ግን ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ተከልክሎ እንደገና ማመልከት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ብቻ ቀይሮ ያንኑ ፋይል መላክ ነው።

እምቢታው ሁሉ የአመልካቹ ጥፋት አለመሆኑ እውነት ነው። አንድ የአሜሪካ የታሪክ ዲፓርትመንት የተቀበለውን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ያህል ክፍያውን ሸፍኖ፣ የኪስ ገንዘብ እየሰጠ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው አዲስ ተማሪ ነው። በኮሮና ወቅት ብዙ ዲፓርትመንቶች ለአንድ ዓመት በራቸውን ዘግተው ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በበርካታ የሥነ ሰብ ዘርፎች ለቀጣዩ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ እንደማይቀበል አስታወቀ። የአፍሪካ ታሪክ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ጡረታ ሊወጡም ይችላሉ። ደብዳቤው ይህን አይነግርም፤ ስለዚህ «እኔ አልረባም» ብሎ የሚደመድም ሰው ያልተጻፈ ነገር እያነበበ ነው።

በእጃችን ያለውስ? ወጣቶች እንዳነብላቸው የሚሰጡኝ ረቂቆች ርእሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ «የጣና ገዳማት ታሪክ ከመካከለኛው ዘመን እስከ ዛሬ» ዓይነት። ቀጥሎ «እስካሁን ማንም ያልነካው ሀብት» የሚል ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ተነክቷል! የግዕዝ ብራና አጥኚው ኤርነስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን ብራናዎች ገና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎቶ አስነስቶ፣ በኋላም ካታሎግ አዘጋጅቶላቸዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ከበርካታ አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ቅጂዎቹ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ ብዙዎቹንም የተመዘገበ አንባቢ በኢንተርኔት በነፃ ያነባቸዋል። (ክብራንና ዳጋ የተባሉት የጣና ደሴት ገዳማት ሴት ስለማይገባባቸው፣ ለሴት ተመራማሪዎቻችን እንዲህ ያለው ቅጂ ተጨማሪ አማራጭ ሳይሆን ዋነኛው መንገድ ነው።) ማመልከቻውን የሚያነቡት ፕሮፌሰር ይህን ያውቃሉ። «ማንም ያልነካው» የሚለውን ሲያዩ አመልካቹ እንዳላነበበ ይረዳሉ።

የሚፈለገው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ደሴት ላይ ብቻ አይገኝም። የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንውሰድ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ነው። ከገበሬ ቤት የወጣ ወጣት በሺፍት መሥራትን እንዴት ለመደው? ሴት ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለማን ይሰጡ ነበር? በ1966 አገሩ ሲናወጥ በፋብሪካው ግቢ ምን ይባል ነበር? ይህን የሚያውቁ ጡረተኞች ዛሬም በየቀበሌው አሉ፤ በየዓመቱ ግን ቁጥራቸው ይቀንሳል። እነሱን ቀርጾ፣ ከፋብሪካው ወረቀቶችና ከጋዜጦች ጋር አስተያይቶ፣ የነገሩትና የተጻፈው የት ላይ እንደሚጋጩ የሚያሳይ ሰው ከመቶ ገጽ የገዳማት ዝርዝር ይልቅ ይደመጣል። ገዳም ይሻለኛል ያለም መብቱ ነው። በአንድ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፉ የርስትና የጉልት (የመሬት መብት) ማስታወሻዎች ብቻቸውን ለዓመታት ያሠራሉ፤ ግዕዙን በደንብ ላወቀ።

ሌላው መታረም ያለበት አብሮ የሚላከው የጽሑፍ ናሙና ነው። አሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ገጽ ይጠይቃሉ። የእኛ ሰው የማስተርስ ቴሲሱን ምዕራፍ አንድ ቆርጦ ይልካል። ምዕራፍ አንድ ደግሞ እንደምናውቀው የወረዳው አቀማመጥ፣ የአየር ንብረቱ፣ የሚበቅለው እህል ነው። አንባቢው ስለ ደጋና ወይና ደጋ አንብቦ ሳይጨርስ ፋይሉን ይዘጋል። መላክ ያለበት አመልካቹ ከምንጭ ጋር የተከራከረበት ክፍል ነው፤ ቴሲሱ መጨረሻ አካባቢም ቢሆን።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አልፏል። 75 ወይም 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ለስምንት ቦታ መክፈል የመምህር ደመወዝ አይችለውም። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ማመልከቻ መጫን ራሱ ጉዞ የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። ለዚህም ነው እንደ ሎተሪ ትኬት ብዙ ቦታ መበተን የማያዋጣው። ክፍያ እንዲነሳላቸው በጊዜ የሚጠይቁ ሰዎች አንዳንድ ቦታ ይፈቀድላቸዋል። ጀርመን አገር ደግሞ በአብዛኛው የሚቀድመው አማካሪ ፕሮፌሰር ማግኘት ነው። ሐምቡርግ ያለው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል ለእኛ ምንጮች ቅርብ ነው። እዚያ አጭርና ጥርት ያለ የምርምር ዕቅድ ከብዙ ፎርም ይበልጣል። ዕቅዱ ካልተለወጠ ግን አንድ ዓመት ዝም ብሎ መሥራት ይሻላል፤ ዘንድሮ ያልላከ ሰው ቀረ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎቹ ልምጣ፣ ጉዳዩ የአመልካቹ ብቻ ስላልሆነ። የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ጽፎ መምህሩ የሚፈርምበት ወረቀት ሆኗል። «ትጉህና ምስጉን ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነበር» ይላል፤ ሦስቱም ደብዳቤዎች ያንኑ ይላሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጥሩ ሥራን ሳይቀር ያዳክማል። የሚጠቅመው የተማሪውን ናሙና ያነበበ መምህር «በዚህ ገጽ ላይ እኔ ያልታየኝን አይቷል» ብሎ የሚጽፈው ነው። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል። ማመልከቻው በኅዳር መጨረሻ የሚዘጋ ከሆነ ተማሪው በመስከረም ናሙናውንና ዕቅዱን ይዞ መምጣት አለበት። መምህሩም ማንበብ የማይችል ከሆነ፣ ሌላ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ሳያልፍ፣ እዚያው በመስከረም ይንገረው።