ፊኮ ግድብ የሚሠሩት በማን ላይ ነው?

የስሎቫኪያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል፣ ከማሻሻያው ይልቅ ያስቆጣኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፊኮ ደስታቸውን የገለጹበት አነጋገር ነው። ማሻሻያውን ተራማጅነትን የሚገታ ታላቅ ግድብ ብለው አወደሱት። ከእርሳቸው ጋር ለሥልጣን የሚፎካከረው ዋነኛ የተቃዋሚ ፓርቲ ተራማጅ ስሎቫኪያ እንደሚባል እያንዳንዱ መራጭ ያውቃል፤ ስለዚህ መልእክቱ ለማን እንደተላከ ማንም አልተሳሳተም። የአገር የበላይ ሕግ የመንግሥትን ሥልጣን ለመገደብ ይጻፋል እንጂ የተቀናቃኝን መንገድ ለመዝጋት አይጻፍም።

ጾታ ወንድና ሴት ብቻ ነው የሚለውን አንቀጽ ብዙ አንባቢ እንደሚደግፈው አውቃለሁ፤ የዛሬው ሙግቴ በእርሱ ላይ አይደለም። ሙግቴ አብሮት ሾልኮ በገባው ድንጋጌ ላይ ነው። በብሔራዊ ማንነት ጉዳዮች የስሎቫኪያ ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ በላይ ነው ይላል። ብሔራዊ ማንነት የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚተረጉመው ማን ነው? ዛሬ ጋብቻና ጉዲፈቻ ነው፤ ነገ የዳኞች ነፃነት ወይም የጋዜጠኞች መብት የማይሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳን የለም። ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን አንቀጽ ከፊት አሰልፎ፣ ሕዝብ ያልጠየቀውን ከኋላ ማስገባት የፊኮ የቆየ ስልት ነው።

የመንግሥቱ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት መከራከሪያ ደግሞ ተራማጅ ስሎቫኪያ የውጭ እጅ ሥራ ነው የሚል ነው። ፊኮ ራሳቸው በጥር 2025 ተቃዋሚዎች በውጭ ኃይሎች እየታገዙ የዩክሬኑን ዓይነት መፈንቅለ መንግሥት እያሰናዱ ነው ብለዋል፤ ሕዝብ አይቶ የሚፈርድበት አሳማኝ ማስረጃ ግን አላቀረቡም። ከክሶቹ ሁሉ ደካማው ይህ ነው። ፓርቲው በ2017 ተመሠረተ። አቅም ያገኘው በየካቲት 2018 የሙስና መርማሪው ጋዜጠኛ ያን ኩሲያክና እጮኛው ማርቲና ኩሽኒሮቫ በቤታቸው በጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ፊኮን ሥልጣን ባስለቀቀበት ቁጣ ነው። በ2019 ከዚሁ ፓርቲ የተነሡት ዙዛና ቻፑቶቫ 58 በመቶ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2020 ፓርቲው ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ ሲወዳደር ለጥምረት የተቀመጠውን የ7 በመቶ መስፈርት በ926 ድምፅ ብቻ አጥቶ ከምክር ቤቱ ውጭ ቀረ። ይህን ሁሉ የምታቀነባብር የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስ 926 ድምፅ ማሟላት አቃታት? በ2023 ወደ 18 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ 32 መቀመጫ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። በሰኔ 2024 በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 28 በመቶ ገደማ አግኝቶ የፊኮን ስመር ፓርቲ ቀደመ፤ ያውም ፊኮ በጥይት ቆስለው አገሩ ሁሉ ከደነገጠ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ።

አውሮፓን መደገፍ ባዕድነት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ባዕድ ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ስሎቫኪያ በታኅሣሥ 2007 የሸንገን ቀጣና ስትገባ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ? ሮበርት ፊኮ። በጥር 2009 ኮሩናን ትታ ዩሮን መገበያያዋ ስታደርግስ? ያው ሮበርት ፊኮ። ቼክ፣ ፖላንድና ሃንጋሪ እስከ ዛሬ ያልደፈሩትን እርምጃ የወሰዱ፣ በዚያም የኮሩ ሰው ናቸው። በ2017 ቦታችን ከጀርመንና ከፈረንሳይ ጋር በኅብረቱ እምብርት ነው ይሉ የነበሩትም እርሳቸው ናቸው። መኪና አምራቹን ጃጓር ላንድ ሮቨርን ወደ ኒትራ ከተማ ያመጣው የእርሳቸው መንግሥት ነው፤ ኩባንያው የመጣው ከዚያ ሆኖ ያለ ቀረጥ መላ አውሮፓ ስለሚደርስ እንጂ ስለ ስሎቫክ ብሔራዊ ማንነት ተጨንቆ አይደለም። ቮልስዋገን በብራቲስላቫ፣ ኪያ በዢሊና፣ ፔዦ በትርናቫ የተከሉት ፋብሪካም በዚሁ ስሌት የቆመ ነው። ከአምስት ሚሊዮን ተኩል የማይበልጥ ሕዝብ በዓመት አንድ ሚሊዮን ገደማ መኪና የሚያመርተው ለማን ሊሸጥ ነው? ለክሬምሊን? የተራማጅ ስሎቫኪያው መሪ ሚኻል ሺሜችካና ጓዶቹ የሚሉት እኮ ፊኮ በ2009 የሠሩትን አታፍርሱ ነው። ከአቋሙ ፈቀቅ ያለው ፓርቲው ሳይሆን በታኅሣሥ 2024 ሞስኮ ድረስ ሄደው ከፑቲን ጋር የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው፤ ከዚያ ተመልሰው ሌላውን የባዕድ ጉዳይ አስፈጻሚ ማለታቸው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ጉዞውን ተቃውመው በአሥር ሺዎች አደባባይ የወጡት ዜጎች “ስሎቫኪያ አውሮፓ ናት” ሲሉ የጮኹት በስሎቫክኛ ነው።

ፓርቲው ከብራቲስላቫና ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ሲል ድምፁ እንደሚሳሳ አልክድም። በምሥራቁ ገጠር የሺሜችካን የከተሜ አነጋገር የማይወድ ብዙ ሰው አለ። ይህ ግን በቅስቀሳ የሚፈታ የፓርቲው የቤት ሥራ ነው እንጂ በሕገ መንግሥት የሚቀጣ ወንጀል አይደለም።

ይልቅስ ከፊኮ ባልተናነሰ የሚያሳዝኑት ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ናቸው። ማሻሻያው ከ150ው የምክር ቤት አባላት የ90ውን ድምፅ ይፈልግ ነበር፤ በትክክል 90 አገኘ። የገዥው ጥምረት ብቻውን ይህን ያህል ድምፅ አልነበረውም፤ ጉድለቱን የሞሉት ከተቃዋሚው ወገን የተነሡ እጆች ናቸው፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ለኅሊናችን ስንል ነው ይላሉ። ኅሊና ስለ ቤተሰብ የሚለውን አንቀጽ ለመደገፍ ያስገድድ ይሆናል፤ የኅብረቱን ሕግ የሚያዳክመውንም አብሮ ለመዋጥ የሚያስገድድ ኅሊና ግን ለፊኮ የሚመች ኅሊና ነው። በ2027 ምርጫ ፊኮ ቢሸነፉ እነዚሁ ሰዎች የሚኒስትርነት ወንበር ፍለጋ የሺሜችካን በር ማንኳኳታቸው አይቀርም፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ያንን ድንጋጌ ለመሻር በጽሑፍ ቃል ይግቡ።