ትራስ ሥር የተገኘው ብርቱካን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ብርቱካን ልወቅሳችሁ ነው።

አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ትራሳቸውን ላቃና ሳነሳው ከሥሩ ብርቱካን አገኘሁ። ደርቆ ጠጥሯል። ልጣጩ በጥፍር ተሞነጫጭሯል፤ አንዱም ጭረት ግን ሥጋው ድረስ አልዘለቀም። ከሁለት ሳምንት በፊት በከረጢት ካመጣሁት ውስጥ ነበር። ሌላውን የቤቱ ሰው በልቶታል። እርሳቸው የደረሳቸውን ይዘው፣ ቁርጥማት ባጣመማቸው ጣቶች ሲታገሉት ሰንብተዋል።

«ምነው ላጡልኝ ቢሉ?» አልኳቸው።

«ሁሉም ሥራ አለው፤ ማንን ላስቸግር?»

ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እማዬ እኮ ድሮም ፍራፍሬ አትወድም» አለ።

አትወድም! ብርቱካኑን ትራሷ ሥር አድርጋ የምታድረውን እናት! ይህን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

እኔስ ብሆን? ከረጢቱን አስቀምጬ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ልጬ አላጎረስኳቸውም። ጭረቶቹን ባየሁ ቁጥር የተመረቅሁት ሁሉ ያሳፍረኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል ይላል፤ ድንችና መሰል ሥራሥሮች ሳይቆጠሩ። ሰው ሲያረጅ ይህ አይቀርለትም። እንዲያውም አንጀቱ የሚሰንፈው፣ ሆድ ድርቀት የሚያሠቃየው ያኔ ነው። ጥርስ ይረግፋል፣ ጣዕም ይደበዝዛል፣ የሚወስዱት መድኃኒት አፍ ያደርቃል። እኛ ጥሬ ካሮት አቅርበን «አልበላም አሉ» እንላለን። እስኪለሰልስ ቀቅሉላቸው እንጂ! ፓፓያውን ቁረጡት፣ ሙዙን ላጡት፣ ዱባውን አድቅቁት። ቅጠሉን ግን አታንተክትኩት፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀቱ ይጎዳል፣ ከሚደፋው ውኃ ጋርም ይሄዳል። ኩላሊታቸውን ለሚታመሙ ወይም ዋርፋሪን የተባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስዱ ምን ያህልና የትኛው እንደሚስማማቸው ሐኪም ይጠየቅ። ሳይጠይቁ መከልከልም በደል ነው።

ስንቱ ቤት ስንት ትራስ ሥር ምን ተደብቆ ይሆን? እባካችሁ ዛሬ አንሡና እዩ። ብዙዎቻችሁ እንደማታነሡ አውቃለሁ፤ እኔም ያነሣሁት በአጋጣሚ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ እየሄድኩ እልጣለሁ። ባለፈው እሁድ ስደርስ ልጃቸው ቢላዋውን ቀድሞኝ ይዞ ነበር። አልተነጋገርንም። ዘሩን ሳይለቅም አቀረበላቸው። አክስቴ ዘሩን እያወጡ፣ ሳህኑን ባዶ አደረጉት።